ሚግ ያልጣሉት ኮሎኔል፦ የአንድ አየር ኃይል መኮንን የሁለት ጦርነት አገልግሎት እንዴት ተጻፈ

ጉዳዩ እንዴት መጣ

ጥቅምት 2015 ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ ካፌ ተቀምጬ አንዲት የማውቃት መምህርት ሁለት ፌስታል ይዛ መጣች። በአንዱ ፎቶዎች አሉ። በሌላው አንድ የበረራ መዝገብ አለ፤ ጠርዙ ዱቄት ጠጥቷል። «የአባዬን ታሪክ ጻፍልኝ» አለችኝ። «ሁለት ጦርነት የተዋጋ ሰው ነው። ልጄ አያቱን ሳያውቅ እንዳያድግ።»

አባቷ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ኮሎኔል ናቸው። የማንንም ስም አልጠቅስም፤ ቤተሰቡም የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። የሽማግሌ ታሪክ መመዝገብ የቆየ ሱሴ ስለሆነ ብዙም ሳላስብ እሺ አልኩ። ሦስት ወር ይፈጃል ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ።

ይህን የምጽፈው የሠራነውን ስህተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። አብዛኛው ስህተት ደግሞ የኔው ነበር።

የኋላ ታሪካቸው

ኮሎኔሉ የተወለዱት ደሴ፣ በ1941 ነው። እናታቸው ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ልጅ ነበሩ። ያን ቀን ጃንሆይም ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመቷል። እናትየው እስከ ዕለተ ሞታቸው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ምጣድ ላይ ያለውን እንጀራ ጥለው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር ይባላል። ልጃቸው አየር ኃይል መግባቱን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ኮሎኔሉን ጠይቄ ነበር። «ሦስት ቀን አላናገረችኝም» ብለው ዝም አሉ።

በ1961 ደብረ ዘይት ገቡ። የአሁኗ ቢሾፍቱ ማለት ነው። የዚያ ዘመን አየር ኃይል መሠረቱን ስዊድኖች የጣሉት፣ ጄቱን ደግሞ አሜሪካኖች ያመጡት ነበር። ጀማሪው በስዊድኑ ሳፊር ይለማመዳል፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ሠራሽ ማሠልጠኛዎች ይሸጋገራል። እሳቸው ጄት ላይ አልዘለቁም። ወደ ማመላለሻ ክፍል ተመደቡ። መጀመሪያ በባለሁለት ሞተሩ ሲ-47፣ ማለትም ዳኮታ በምንለው፣ ቀጥሎ ሆዱ ሰፊ በሆነው ሲ-119 በረሩ።

ሶማሊያ በሐምሌ 1969 ስትወርር ሻምበል ነበሩ። ከዚያ እስከ 1983 አገለገሉ፤ ሌተና ኮሎኔልም ሆኑ። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ፈረሰ። ጥቂት ወራት ማቆያ ካምፕ ቆይተው ኮምቦልቻ ገቡና ከዘመድ ጋር ወፍጮ ቤት ከፈቱ። ሰባት ዓመት እህል አስፈጩ። በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የቀድሞ ባለሙያዎች ሲጠሩ እሳቸውም ተጠሩ። እስከ 1994 ቆይተው በኮሎኔልነት ጡረታ ወጡ። ተመልሰው የገቡት እዚያው ወፍጮ ቤታቸው ነው።

ችግሩ

ችግሩ አንድ አልነበረም።

የመጀመሪያው የሰነድ ነው። በጥቅምት 2014 ደሴ በተያዘች ጊዜ ቤተሰቡ ሸሽቶ ነበር። ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል። ሜዳሊያዎቹ፣ የማዕረግ ደብዳቤዎቹና ሁለተኛው የበረራ መዝገብ የነበሩበት የቆርቆሮ ሳጥን የለም። የደሴ ሙዚየም እንኳ በተዘረፈበት ሰሞን ስለ አንድ ቤት ሳጥን ለማን ይነገራል? የመጀመሪያው መዝገብ የተረፈው ኮምቦልቻ፣ ወፍጮ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከአሮጌ ቀበቶዎች ሥር ስለነበረ ነው። ፎቶዎቹን ደግሞ ልጅቷ ስትሸሽ ይዛቸው ነበር።

ሁለተኛው የሰፈር ወሬ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ ኮሎኔሉ በወጣትነታቸው ከአንድ ኤፍ-5 ጎን ቆመው የተነሱት ፎቶ ተሰቅሏል። ኤፍ-5 በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሶቪየት ሠራሽ ተዋጊ ጄት፣ ሚግ-21ን፣ ያሸነፈ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ዝናው የሚገባው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፎቶውን አይቶ የራሱን ታሪክ ሠራ። አንዱ ሁለት ሚግ ጥለዋል ይላል፤ ሌላው አራት ያደርሰዋል። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ሄዶ ተናግሮታል። ኮሎኔሉ አላስተባበሉም፤ አላረጋገጡምም። የበረራ መዝገቡን ስገልጥ ግን አንድም የኤፍ-5 በረራ የለም። ከገጽ ገጽ ሲ-119 ነው። ጭነቱም ነዳጅ፣ ጥይት፣ ዱቄት፣ ቁስለኛ።

ለልጅቷ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ታዲያ አባዬ ሾፌር ነበር ማለት ነው?» አለች። እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደምመልስላት አላወቅኩም ነበር።

ሦስተኛው ችግር ዘግይቶ መጣ። እሱን በቦታው አነሳዋለሁ።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ፦ ሙሉ ኪሳራ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ። ቡና ተፈልቷል፤ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ጎረቤት ሞልቷል። መቅጃውን ጠረጴዛው መሐል አኖርኩ። «ኮሎኔል፣ ጦርነቱ ሲጀመር ምን ተሰማዎት?» አልኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀልድ ብቻ ነገሩን። ስለ አንድ የምግብ ቤት ኃላፊ፣ ስለ ጠፋ በግ፣ አውሮፕላን ውስጥ ስለፈነዳ የበርበሬ ከረጢት። ሰው ሳቀ። ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ለጽሑፍ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም።

ጥፋቱ ግልጽ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ወታደር ስለ ጦርነት ስሜቱን አይናገርም። «ምን ተሰማዎት» ደግሞ የቴሌቪዥን ጥያቄ ነው።

የሠራው መንገድ፦ ስለ ጭነት መጠየቅ

መፍትሔው በአጋጣሚ ነው የመጣው። ወፍጮ ቤቱን ለማየት አብረን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። «ስንት ሜትር የወረድን ይመስልሃል?» አሉኝ። አላወቅኩም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። «ይሄ ልዩነት ለእግረኛ ላብ ነው። ለአውሮፕላን ግን ኩንታል ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ አላቆሙም። ከፍታ ሲጨምርና ሙቀት ሲያይል አየር ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚሸከመው ይቀንሳል፤ ሞተርም ጉልበቱ ይደክማል። መንደርደሪያው ይረዝማል። ስለዚህ ከጭነቱ መቀነስ አለ። ወይም አየሩ ሳይሞቅ በማለዳ መነሳት። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ በተራሮቹ መካከል እንዴት ተጠምዝዞ እንደሚወረድ በስኳር ዕቃ አሳዩኝ።

«ታዲያ በ1969 ድሬዳዋ ምን ይጭኑ ነበር?» አልኩ። በሩ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። የባቡር መስመሩ ድልድዮቹ ፈርሰው ተቋርጦ ነበር። ድሬዳዋና ሐረር ቢያዙ ኖሮ ምሥራቁ አልቆለት ነበር። ስለዚህ በአየር የሚገባው ሁሉ ነፍስ ነበር። ሲሄዱ የነዳጅ በርሜልና ጥይት፣ ሲመለሱ ቃሬዛ። ቃሬዛው እንዴት እንደሚደረደር፣ የበርሜል ሽታ ባልለቀቀው ሆድ ውስጥ ቁስለኛ ሲያስመልሰው ምን እንደሚደረግ፣ ማን የት እንደሚታሰር፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ስለ ስሜት አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። መጠየቅም አላስፈለገም።

ከዚያ ወዲህ ቃለ መጠይቁ ሁሉ ወፍጮ ቤት ሆነ። ወፍጮው ሲቆም እናወራለን፤ ሲነሳ ዝም እንላለን። መቅጃው ኪሴ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ግን ያውቁታል፤ ፈቅደዋል።

የመዝገቡ ወጥመዶች

የበረራ መዝገቡ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ቀኑም በፈረንጅ። ልጅቷ ቀድማ ወደ አማርኛ ገልብጣው ነበር። ከዓመቱ ላይ ሁልጊዜ 8 እየቀነሰች ነው የሠራችው። ከጥር እስከ ነሐሴ ላለው ይሠራል። ከመስከረም አዲስ ዓመት በኋላ እስከ ፈረንጁ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ግን የሚቀነሰው 7 ነው። በዚህ የተነሳ ጅጅጋ በተያዘችበት በመስከረም 1970 የተደረጉት በረራዎች ሁሉ መስከረም 1969 ላይ ተቀመጡ። ጦርነቱ ከመጀመሩ ከዘጠኝ ወር በላይ ቀድመው ቁስለኛ ሊያመላልሱ ነው ማለት ነው።

ሰዓቱም አታለለን። «0600» የሚለውን ስድስት ሰዓት ብላ ገለበጠችው። ኮሎኔሉ ሲሰሙ ሳቁ። «ድሬዳዋ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሐሩር፣ ያን ሁሉ ጭኜ? ኧረ ተይኝ ልጄ።» የተጻፈው ማለዳ 12 ሰዓት ነበር። ስለ አየር መሳሳት ቀድሞ የነገሩኝ ነገር እዚህ ጠቀመኝ። የፊዚክሱን ትምህርት ሳላውቅ ስህተቱ አይታየኝም ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው ኮምቦልቻ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ማረፊያዎቹ የተጻፉት በአራት ፊደል መለያ ነው። ኮምቦልቻ «ኤች ኤ ዲ ሲ» ናት። ድሬዳዋ «ኤች ኤ ዲ አር»። የመጨረሻዋ ፊደል በጥድፊያ ስትጻፍ ማን ይለያታል? ልጅቷ በጦርነቱ መሐል ኮምቦልቻ ዘጠኝ ጊዜ አርፈዋል ብላ ደስ ብሏት ነበር። የበረራው ርዝመትም አልገላገለንም፤ ከደብረ ዘይት ሁለቱም አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው። የለየልን የአስተያየት መስመሩ ነው። ዘጠኙም ላይ ስለ ቁስለኛ ተጽፏል። ዘጠኙም ድሬዳዋ ነበሩ። «ያኔ እናቴን በሕልሜም አላየኋት፣ እንኳን ኮምቦልቻ ላርፍ» አሉ ኮሎኔሉ።

ሁለተኛ ምስክር

ቢሾፍቱ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ የአውሮፕላን ቴክኒሻን በስልክ አገኘን። ከኮሎኔሉ ጋር አምስት ዓመት ሠርተዋል። አሁንም «ጌታዬ» ነው የሚሏቸው። በቴሌግራም ድምፅ እየላኩልን ብዙ ቀዳዳ ደፈኑልን። በመሐል መንገዱ ሲዘጋና ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ግን ወራት ባከኑ።

ኮሎኔሉ ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ታሪክ ነበረ። ድሬዳዋ በሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በመንደርደሪያው ዳርና ዳር በተደረደረ ፋኖስ አረፍን ይላሉ። ቆንጆ ታሪክ ነው። የዚያ ቀን መዝገብ ግን ያረፉት በቀን መሆኑን ይላል። ቴክኒሻኑን ጠየቅናቸው። «ፋኖሱ እውነት ነው ጌታዬ፤ ግን ደብረ ዘይት ነው። ለልምምድ ወጥተን መብራት ኃይል ጉድ የሠራን ጊዜ» አሉ።

ኮሎኔሉ ትንሽ አሰቡ። «ልክ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ሁለት ትዝታ በአንድ ተሰፍቶ ነበር። ሆን ብለው አልዋሹም። ማንኛችንም እንዲህ ነን። በሰነዱ ውስጥ ሁለቱንም አስቀመጥን፤ እሳቸው የተናገሩትንም፣ መዝገቡ የሚለውንም።

ሁለተኛው ጦርነት

ስለ 1990ው የሚጻፈው አጭር ነው። ሲጠሩ 49 ዓመታቸው ነበር። ሰባት ዓመት መሪ አልጨበጡም። አየር ኃይሉም ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ሱ-27 የተባለው የሩሲያ ተዋጊ ጄት ገባ። እነ ባድመና ጾረና በዜና ሲነገሩ እሳቸው ቢሮ ተቀምጠው የማመላለሻ በረራዎችን ጭነት ያሰሉ ነበር። ባለአራት ሞተሩ አን-12 እስከ 20 ቶን ይጭናል ይባላል። መቀሌ 2,250 ሜትር ላይ ናት፤ በቀትር እዚያ አርፎ ተጭኖ ለመነሳት ቁጥሩ ይለወጣል። ወጣቶቹ «አባባ» ይሏቸው ነበር። በዚህ ጦርነት አንድ ጊዜ እንኳ በመሪነት አልበረሩም። ልጅቷ ይህንንም መቀበል ከብዷት ነበር።

ያልሠራው ነገር

አንዱ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ማስረጃ ቅጂ እንዲሰጠን ደብዳቤ ጽፈን ነበር። ሁለት ጊዜ ሄድን። «ይፈለጋል» ተባልን። እየተፈለገ ነው መሰለኝ።

ዋናው ግን ሦስተኛው ችግር ነው። አንድ ቀን «ሁለት ጦርነት» የሚለውን የሰነዱን ርዕስ አነበብኩላቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ሁለት ብሎ ማን ቆጠረ?» አሉ።

ልክ ናቸው። ከ1970 እስከ 1983 መሐል ሌላ ጦርነት ነበረ። በሰሜን፣ በገዛ ሀገር ላይ፣ ብዙ ዓመት። መጨረሻው ላይ ደሴም ኮምቦልቻም ደርሷል። የጠፋው ሁለተኛው መዝገብ የዚያ ዘመን ነው። እኔ ደግሞ ያገኘሁ መሰለኝና ገፋሁ። የት ነበሩ? ምን ጫኑ? እስከዚያ ቀን በሩን የከፈተልኝ ጥያቄ ያን ቀን ዘጋው። «በድርቁ ጊዜ እህል አመላልሻለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ» አሉ። እኔ ጠየቅኩ። ሁለት ወር ስልኬን አላነሱም።

ልጅቷ በበኩሏ ክፍተቱን ከፌስቡክ ባገኘችው ታሪክ ልትሞላው ፈለገች። ስለ ሌሎች አብራሪዎች የተጻፈ ነበር፤ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ። በዚህ ተጣላን። እኔ አይሆንም አልኩ። እሷ «አባቴ ነው፣ አንተ ምን አገባህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ ያስታረቁን ኮሎኔሉ ናቸው። «ባዶውን ባዶ አድርጉት። ወረቀት ነው፤ አይርበውም» አሉ። ከገጽ 19 እስከ 22 እንዲህ ይላል፦ «ከ1971 እስከ 1983 ስላለው አገልግሎት ባለታሪኩ ከማዕረግ ዕድገታቸውና በ1977 ድርቅ እህል ከማመላለሳቸው በቀር መናገር አልፈለጉም።» ቀሪው ነጭ ነው።

ለሌላ ሰው የሚጠቅመው

የአባቱን ወይም የአያቱን የውትድርና ዘመን መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ጉዳይ የማወርሰው ይህ ነው።

ከዕቃው ጀምሩ። አብራሪን ስለ ጭነቱ፣ መድፈኛን ስለ መድፉ፣ ሬዲዮ ሠራተኛን ስለ ባትሪው ጠይቁ። ሰው ሥራውን ሲያስረዳ ራሱን ይረሳል፤ ያኔ ሳይጠየቅ ይናገራል። ቤተሰብ በተሰበሰበበት አታድርጉት፤ በተለይ ልጆቻቸው ባሉበት።

ሰነድ በፈረንጅ ቀን ከተጻፈ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ፤ ዋናውን አትሰርዙ። በጥድፊያ የተጻፈ የቦታ ምህፃር ካለ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትፍቱ። ሁለት ምስክር ሲጋጭ አሸናፊ አትምረጡ፤ ሁለቱንም ከነምንጩ አስቀምጡ።

ፎቶ ማስረጃ ነው፤ ግን የሚያስረዳው ሰውየው እዚያ ቆሞ እንደነበር ብቻ ነው።

ዝምታን በተመለከተ እኔ ራሴ ገና አልበሰልኩም። አንድ ጊዜ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ሁለት ወር አስከፍሎኛል፤ ሰውየው 75 ዓመታቸው ስለሆነ ሁለት ወር ቀላል አይደለም። ቅጂ ነገር ደግሞ እባካችሁ ዛሬ አድርጉት። የመዝገቡን እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንስተን ሦስት ቦታ አስቀምጠናል። የሁለተኛውን መዝገብ ማንም አንስቶት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሁንም ይቆጨኛል።

አሁን ያለበት

ሰነዱ 31 ገጽ ሆኖ በ2016 መጋቢት ተጠናቀቀ። አንዱ ቅጂ ደሴ፣ ሌላው ወፍጮ ቤቱ ነው። መምህርቷ «ሾፌር» ያለችውን ዛሬ ሳነሳባት ታፍራለች። ከመዝገቡ ላይ በአንድ ማለዳ ስንት ቃሬዛ እንደተጫነ ራሷ ስትቆጥር አይቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሚግ ጠይቃ አታውቅም። ልጇ ግን ትንሽ ቅር ብሎታል። ለክፍል ጓደኞቹ ምን ሊላቸው ነው?

የኤፍ-5ቱ ፎቶ ሰነዱ ሽፋን ላይ ይሁን አይሁን ለሳምንታት ተከራክረን ነበር። ኮሎኔሉ አይሆንም አሉ፤ ሽፋኑ ላይ የገባው የሲ-119 ፎቶ ነው፤ ደብዛዛ ነው፤ ጅራቱም ተቆርጧል። ኤፍ-5ቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ባለፈው ሄጄ አንድ እንግዳ ቀና ብሎ አየውና «ይቺን ነበር የሚያበሩት?» አላቸው።

«የጓደኛዬ ናት» አሉ። «ለፎቶ ነው የተጠጋኋት።»